ታካሚን ማጠብ ከነርሷ እጅ የወጣው መቼ ነው?

ጡረተኛዋ ሲስተር

በነርስነት ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በቅርቡ ታናሽ እህቴ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስለነበር፣ አሥራ አንድ ቀን ከአልጋዋ ሳልለይ አስታምሜያታለሁ። በዚያ ሰሞን ያየሁት አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ፣ የሙያ ልጆቼንም ሆነ ታመው የሚያውቁ ሰዎችን ልጠይቅ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

አስቀድሞ ወቀሳ አለመሆኑ ይታወቅልኝ። በየፈረቃው ይመጡ የነበሩት ወጣት ነርሶች ትሑታን ናቸው። ስማቸውን ነግረው ይጀምራሉ፤ መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት ስሟን ጠይቀው አንጓዋ ላይ ከታሰረው መለያ ጋር ያመሳክራሉ፤ መድኃኒቱ ለምን እንደሚሰጣትም ያስረዷታል። እኛ በዘመናችን ይህን አናደርግም ነበር። ሞኒተሩ ሲጮህ ፈጥነው ይደርሳሉ፤ የሚያነቡት ቁጥር ምን ማለት እንደሆነም ጠንቅቀው ያውቃሉ።

በአምስተኛው ቀን ግን እኔው ራሴ ገላዋን ልጠብ ብዬ ካልሲዋን ሳወልቅ የቀኝ ተረከዟን አየሁት። ከአካባቢው ቆዳ ጠቆር ብሏል፤ ስነካው ይሞቃል፤ ጫን ስለው ደግሞ አልፎ እንደበሰለ ፍሬ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የአልጋ ቁስል ሲጀምር እንዲህ ነው። ቻርቷን ሳይ «ቆዳ፦ ደህና» የሚለው ቦታ ላይ በየፈረቃው ምልክት ተደርጓል። ዋሽተዋል አልልም፤ ጀርባዋን አይተው ይሆናል። ካልሲዋን ያወለቀ ግን አልነበረም።

ተረኛዋን ጠርቼ ሳሳያት ክው አለች። ወዲያውም ተረከዟ ምንም ነገር እንዳይነካው ከባቷ ሥር ትራስ አስገባች፤ ሪፖርቱንም ጻፈች። ምን መደረግ እንዳለበት ከእኔ አሳምራ ታውቃለች። ያላገኘችው ተረከዙን የምታይበትን አጋጣሚ ብቻ ነው። እኛ ያንን አጋጣሚ በየጧቱ እናገኘው ነበር፤ ታካሚውን የምናጥበው እኛ ነበርንና። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ «ዝቅተኛ ሥራ» ተብሎ ከነርስ እጅ የወጣው መቼ ነው? አብሮትስ ምን ወጣ?

የሌሊት ፈረቃ

የተከበሩ ሲስተር፣ እግዚአብሔር እህትዎን ይማርልዎ። እኔ ከተመረቅሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። የተረከዙ ነገር አሳፍሮኛል፤ እኔም ካልሲ ሳላወልቅ «ደህና» ብዬ የሞላሁበት ሌሊት እንደነበረ አልክድም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር እንድናገር ይፍቀዱልኝ።

አንደኛው የቁጥር ጉዳይ ነው። ትናንት ሌሊት ሁለት ነርሶች ሃያ ሁለት ታካሚ ይዘን አድረናል። ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ኦክስጅን ላይ ነበሩ፤ ሁለቱ በዚያው ቀን ከቀዶ ሕክምና የወጡ ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ግራ ተጋብቶ ከአልጋ ለመውረድ ሲታገል ያደረ ነው። እርስዎ በሠለጠኑበት ዘመን ከእነዚህ ብዙዎቹ እዚያ ክፍል አይደርሱም ነበር፤ ወይ ቀድመው ሞተዋል፣ ወይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳምንታት ተኝተው፣ ለራሳቸው የሚሆን አቅም አግኝተው አልጋቸውን ሲያነጥፉ ይታዩ ነበር። ዛሬ አቅም ያገኘ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። አልጋው ላይ የሚቀረው በጽኑ የታመመው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው፣ በድፍረት አይቁጠሩብኝ። በእርስዎ ጊዜ ታካሚው «ይህ ክኒን ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ እንዲመልሱለት ይፈቀድልዎት ነበር?

ጡረተኛዋ ሲስተር

አይፈቀድም ነበር ልጄ። ጥሩ ቦታ ላይ ነው የያዝከኝ።

መልሳችን አንድ ነበር፦ «ዶክተሩን ይጠይቁ»። ዶክተሩ በጧት ዙር ሲመጣ ደግሞ እኛ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን እንቆማለን፤ ታካሚው ፈርቶ አይጠይቅም፤ ዙሩ ያልፋል። አንዲት እናት ለሦስት ቀን ስለ አንዲት ነጭ ክኒን ስትጠይቀኝ ለሦስት ቀን ይህንኑ መልሼላታለሁ። የክኒኑን ስም አውቀው ነበር።

ስለ ትጋታችንም አንድ እውነት ልጨምር። የተኛን ሰው ጀርባና መቀመጫ በቀን ሁለት ጊዜ በአልኮል አሽተን፣ ፓውደር ነስንሰን፣ ቁስል እንከላከላለን ብለን እንኮራ ነበር። ከእያንዳንዱ አልጋ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። ኋላ ላይ የተማርነው ግን በአልኮል ማሸቱ ቆዳውን እንደሚያደርቅ፣ አጥንት ላይ አጥብቆ ማሸት ደግሞ ከሥር ያለውን ሥጋ እንደሚጎዳ ነው። ጥቅም የሰጠው ነገር ለማሸት ስንል ታካሚውን ወደ ጎኑ ማዞራችን ነበር። በስህተት ደህና ነገር ሠርተናል ማለት ነው።

የነርሲንግ መምህር

የሲስተር የመጨረሻ አንቀጽ ለክፍሌ የማነበው ዓይነት ነው። ያሉት ነገር በጥናትም የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ዶሪን ኖርተንና ባልደረቦቿ በአረጋውያን ሕሙማን ላይ ያካሄዱትን ጥናት ሲያሳትሙ፣ ቁስልን የሚከላከለው የሚቀባው ነገር ሳይሆን ግፊቱን በየጊዜው ማንሳት መሆኑን አሳይተዋል። በስሟ የሚጠራው መለኪያም የመጣው ከዚያ ነው፦ አጠቃላይ የሰውነት ሁኔታ፣ የአእምሮ ንቃት፣ ተነሥቶ መሄድ፣ አልጋ ላይ መገላበጥ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር፤ ድምሩ ከ5 እስከ 20 ሆኖ 14 እና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ልብ በሉ፣ ይህን ያመጣችው ነርስ ናት። ነርስ «ለምን?» ብላ እንድትጠይቅ የተፈቀደላት ግን ብዙ ተከራክራ ነው።

የሥልጠናው ታሪክ ይህንኑ ክርክር ይመስላል። በ1860 ለንደን ውስጥ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የተከፈተው፣ የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው የፍሎረንስ ናይቲንጌል ትምህርት ቤት ሠልጣኞቹን ለአንድ ዓመት ያሠለጥን ነበር። ለእያንዳንዷ በየወሩ የሚሞላ ቅጽ ነበር። ከቅጹ አንዱ ወገን የጠባይ መመዘኛ ነው፦ ሰዓት አክባሪነት፣ ታማኝነት፣ የግል ንጽሕና፣ እንዲሁም ጸጥታ። አዎን፣ ጸጥታ ነጥብ ይሰጠው ነበር። ሲስተር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የቆሙበት ሥርዓት ሥሩ ሩቅ ነው። ሌላው ወገን ሥራው ነው፦ ፋሻ ማሰር፣ አልጋ ማንጠፍ፣ አልቅት ማስያዝ፣ ራሱን መርዳት የማይችለውን ሕመምተኛ ማንቀሳቀስና ማጠብ፣ የአልጋ ቁስል መከላከል፣ በመጨረሻም ሕመምተኛን ማስተዋል። ናይቲንጌል በ1859 ባሳተመችው መጽሐፏ ለዚህ ለማስተዋሉ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥታዋለች። እንግዲህ ማጠብና ማስተዋል ከመነሻው በአንድ ቅጽ ላይ የተጻፉ ጎረቤታሞች ናቸው።

ችግሩ የመጣው ሞዴሉ በየአገሩ ሲባዛ ነው። ሆስፒታሎች ተማሪ ማለት ርካሽ ሠራተኛ መሆኑን ቶሎ ተረዱት። አሜሪካ ውስጥ በ1923 ስለ ነርሲንግ ትምህርት የወጣው የጎልድማርክ ሪፖርት የተናገረው ይህንኑ ነው፤ የተማሪዋ ትምህርት ለክፍሉ የሥራ ፍላጎት ይሠዋ ነበር። ትምህርቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ የተከራከሩት ሰዎች ነርሷን ከማጠብ ሊያርቋት አልነበረም፤ ስታጥብ የምታየውን እንድትረዳው፣ ከተረዳችም በኋላ አፍ እንዲኖራት ፈልገው ነው።

ስለ አፍ ካነሣን ዘንድ፣ የሥነ ልቦና ተንታኟ ኢዛቤል ሜንዚስ በ1960 ያሳተመችውን የአንድ የለንደን ሆስፒታል ጥናት ሳልጠቅስ አላልፍም። ነርሶቹ ሕሙማንን በስም አይጠሩም ነበር፤ «አልጋ 10 ላይ ያለው ጉበት» ይሉ ነበር። የእንቅልፍ ክኒን ሰዓት ስለደረሰ ብቻ የተኛን ሰው ይቀሰቅሱ ነበር። ሥራውም በተግባር የተቆራረጠ ነው፦ አንዷ ለሁሉም ሙቀት ትለካለች፣ ሌላዋ ለሁሉም ፖፖ ታዞራለች፣ ሌላዋ ለሁሉም አልጋ ታነጥፋለች። የሜንዚስ ትርጓሜ ይህ ሁሉ ነርሷን ከሥቃይና ከሞት ጭንቀት የሚጠብቅ አጥር ነው የሚል ነበር፤ አንዲት ነርስ አንድን ሰው በሙሉ ካላየችው ሲሞት በሙሉ አያማትም። አጥሩ ግን ለማንም አልበጀም፤ ከሠልጣኞቹ ሲሶ ያህሉ ሳይጨርሱ ይሄዱ ነበር።

ስድስት ሳምንት በጀርባዬ

እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም። በመኪና አደጋ ስድስት ሳምንት ተኝቼ ሁለቱንም ዓይነት ነርስ አይቻለሁና የታካሚውን ወገን ልናገር።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ሲስተር ነበሩ። ሲገቡ የክፍሉ ወሬ ይቋረጣል። አንሶላውን ሲስቡት አንድ መጨማደድ አይቀርም፤ ሲያገላብጡኝ አንድም ቀን አላመመኝም። ነገር ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ ምንም ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። ወደየትኛው ጎን እንደምተኛ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። መጋረጃውን ሳይስቡ የገለጡኝም ቀን ነበር፤ ከአጠገቤ የተኛው ሰው እንግዶች ይዞ ተቀምጧል። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

አንዲት ልጅ ደግሞ ነበረች፤ ገና መመረቋ ያስታውቃል። አንሶላው ይንሸራተትባታል። መጀመሪያ ቀን ልታገላብጠኝ ስትል የተሰበረውን ወገን ነክታ አስጮኸችኝ። ቁጭ ብላ፣ ዓይኔን እያየች፣ «በየትኛው በኩል ብይዝዎት ይሻላል? እርስዎ ይምሩኝ» አለችኝ። ከአደጋው በኋላ ስለ ገዛ ሰውነቴ አስተያየት የተጠየቅሁት ያን ቀን ነው።

ማንኛዋ ትሻላለች ብትሉኝ መልስ የለኝም። ሰኞ የሲስተርን እጅ፣ ማክሰኞ የልጅቱን አፍ እመኝ ነበር።

እውነቱ ይነገር

ብዙ ማተት አያስፈልገውም። ነገሩን ያበላሸው ዲግሪው ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ኮምፒውተር እንዲያዩ ተምረው የወጡ ልጆች ፖፖ ይይዛሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። በድሮው ሥርዓት ሥራው ትምህርት ቤት ነበር፤ ርኅራኄም ከሥራ ይመጣ ነበር።

የነርሲንግ መምህር

ወንድሜ፣ ይህ ክስ በየአገሩ ተሰምቷል፤ ከማስረጃው ጋር ሲተያይ ግን አይቆምም።

በእንግሊዝ በአንድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 የደረሰው አሳዛኝ ቸልተኝነት በ2013 በወጣው የፍራንሲስ ሪፖርት ይፋ ሲሆን፣ ውኃ እንኳ የሚያቀብላቸው ያጡ ሕሙማን እንደነበሩ ሲሰማ፣ ብዙ ሰው ጣቱን በዲግሪው ላይ ቀሰረ። በዚያ አገር አዲስ ነርስ ሁሉ በዲግሪ ይሠልጥን የተባለው ደንብ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ግን በዚያው በ2013 ነው። ጥፋቱ ከተከሰሰው ቀድሞ ነው የተፈጸመው። ሪፖርቱ ያነሣቸው ነገሮች የሠራተኛ ቅነሳ፣ ከሰው ይልቅ ሒሳብና የአፈጻጸም ቁጥር ያሳሰበው አመራር፣ የተናገረ ሰው የማይደመጥበት የሥራ ቦታ ነበሩ።

የነርሲንግ ተመራማሪዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ደግሞ በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች፣ በ300 ሆስፒታሎች፣ ከ420,000 በላይ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን የተከተለ ነው። በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ከገቡ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል 7 በመቶ ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ያው ዕድል 7 በመቶ ዝቅ ብሏል። ጥናቱ ተዛምዶን እንጂ ምክንያትን በቀጥታ የሚያረጋግጥ አይደለም፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጎትተውም። «ዲግሪው ገደላቸው» ለሚል ሰው ግን መጠጊያ አይሆነውም።

የሌሊት ፈረቃ

መምህር የጠቀሱት ቁጥር በእኔ ክፍል ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ቢያትሪስ ካሊሽ የምትባል የነርሲንግ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ነርሶች ሳይሠሩ የሚቀሩትን ሥራዎች ጠይቃ መዝግባለች፦ ታካሚን አስነሥቶ ማስኬድ፣ ማገላበጥ፣ ምግብ በጊዜው ማብላት፣ ማስተማር፣ ማጽናናት፣ ንጽሕና። ዝርዝሩን ተማሪ ሳለሁ ሳነበው የሰነፎች ዝርዝር መስሎኝ ነበር። አሁን የገዛ ሌሊቴ ዝርዝር ነው። መርፌ ካዘገየሁ ሰዓቱ ተመዝግቦ እጠየቃለሁ። አንድን ሰው ሳላገላብጥ ብቀር የሚጠይቀኝ ቁስሉ ብቻ ነው፤ እሱም ከሦስት ቀን በኋላ፣ በሌላ ሰው ፈረቃ።

መዝገቡም ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ያደረግሁትን ለማሳየት የምጽፍበት ጊዜ ላደርገው ከምችለው ላይ የሚቀነስ ነው። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችውና በ2004 ሥራ ላይ በዋለው ሕጓ አንድ ነርስ ስንት ታካሚ መያዝ እንደሚችል ወስናለች፤ ከ2005 ጀምሮ በተራው የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ክፍል ከአምስት አይበልጥም። አምስት ታካሚ ቢኖረኝ፣ ሲስተር፣ አሥሩንም ተረከዝ አይልዎ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት

ተማሪ ነኝ፤ ታላላቆቼ ስትነጋገሩ ጣልቃ በመግባቴ ይቅርታ።

በስኪል ላብ፣ በመለማመጃ ክፍላችን ማለቴ ነው፣ ሰው መሳዩን አሻንጉሊት፣ ማኒኪኑን፣ ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት አላውቅም። ማኒኪን አይበርደውም፣ አያፍርም፣ «ቀስ በይ» አይልም። ወደ ክፍል ስንወጣ ደግሞ አሥራ አራት ሆነን አንድ አልጋ እንከባለን፤ አንዷ ትሠራለች፣ ሌሎቻችን እናያለን፣ ሁላችንም የሠራነው የሚመዘገብበትን ሎግ ቡካችንን እናስፈርማለን። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠብኩት ባለፈው ወር ነው። ቅደም ተከተሉን እንዳልስት ስጨነቅ ሰውየውን ራሱን አላየሁትም፤ ጨርሼ ስወጣ መነጽር ያድርግ አያድርግ ቢጠይቁኝ አልመልስም ነበር።

ሲስተር፣ በማጠብ ጊዜ የሚታየው ነገር በቅጹ ላይ ከማየው ምን ይለያል? ተረከዙንስ ገባኝ። ሌላውን ንገሩኝ።

ጡረተኛዋ ሲስተር

ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ሰው እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ ብዘረዝር ታገሺኝ።

ውኃውን በራስሽ አንጓ ሞክረሽ ቅረቢ። መጋረጃውን ሳቢ፤ ስድስት ሳምንት የተኙትን ወንድማችንን አስቢያቸው። ከዓይን ትጀምሪያለሽ፣ ያለ ሳሙና፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ በኩል። ያን ጊዜ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ ካንቺ በፊት የሚያየው የለም። አፉን ስታጸጂ ምላሱ ደርቆ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ ከሆነ፣ የፈሳሽ ቻርቱ ምንም ቢል ውኃ አልጠጣም ማለት ነው።

ክንዱን ስታነሺ ክብደቱን ማን እንደተሸከመው ይሰማሻል። ሰው ደህና ሲሆን ሳያውቀው ያግዝሻል። ትናንት ያግዝሽ የነበረ ክንድ ዛሬ ሙሉ ክብደቱን ከጣለብሽ ጨርቁን አስቀምጪና «ሁለት እጅዎን ያንሡልኝ» በዪ። ወደ ጎኑ ስታዞሪው ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ ተኝቶ ሳለ የተለካው የኦክስጅን ቁጥር ግማሹን እውነት ብቻ ነው የነገረሽ። ሁለቱን ባቶች በሁለት እጅሽ እኩል ያዢያቸው፤ አንደኛው ወፍሮ ከሞቀ አታሺው፣ ለሐኪም አሳውቂ። ቁርጭምጭሚቱን በጣት ተጫኚ፤ ጎድጉዶ ከቀረ ውኃ አለ። የጭራ አጥንቱንና ተረከዙን ስታዪ ቀይ ብቻ አትፈልጊ፤ መጻሕፍቱ «ይቀላል» ይላሉ፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን መቅላት አይታይም። ሙቀቱን፣ ድድርነቱን ወይም መላላቱን፣ ከጎኑ ካለው ቆዳ መለየቱን በእጅ ጀርባ ፈልጊ።

እጅሽ አንጓው ላይ እንዳለ፣ የልብ ምት የምትቆጥሪ መስለሽ፣ ደረቱን እያየሽ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ ይለውጠዋል። ሕመም ሊብስ ሲል አስቀድሞ ከሚለወጡት አንዱ ትንፋሽ ነው፤ ሳይቆጠር «20» ተብሎ የሚጻፈውም እሱ ነው። የሌሊት ፈረቃ ልጄ፣ አንተን ማለቴ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ በየትም ቅጽ ላይ የለም። ሰው ጀርባውን ሰጥቶሽ፣ ፊትሽን ሳያይ፣ ሞቅ ያለ ውኃ ሲነካው ይናገራል። የልብ ሕመም የነበራቸው አንድ ሽማግሌ መድኃኒት በሥርዓቱ ቢሰጣቸውም እብጠታቸው አልጎድል ብሎ ሐኪሙም እኛም ግራ ገብቶናል። አንድ ጧት ጀርባቸውን ሳጥብ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ «ልጄ፣ ያንን የሚያሸናኝን እያስቀመጥኩት ነው» አሉኝ። ትራሳቸው ሥር በወረቀት የተጠቀለሉ ዘጠኝ ክኒኖች አገኘሁ። ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ወድቀው ስለነበር ፈርተው ነው። ሰዓቱ ወደ ጧት ተዛወረላቸው፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

የጧት ረዳት

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ሲስተር «ከነርስ እጅ ወጣ» ያሉት ሥራ የገባው በእኔ እጅ ነው። የሕሙማን ረዳት ነኝ። የሠለጠንኩት ሦስት ወር ነው።

ሲስተር የዘረዘሩትን ግማሹን ባላውቀውም አየዋለሁ። ማን አንዱን እጁን እንደማይጠቀምበት፣ የማን ትሪ ሳይነካ እንደተመለሰ፣ ማን ሌሊት ሲያለቅስ እንዳደረ አውቃለሁ። ርክክብ ሲደረግ ግን እኔ አንሶላ እየቀየርኩ ነው። ነርሶቹ በአልጋዎቹ መካከል እየዞሩ ሲነጋገሩ ቁም ያለኝ ሰው የለም። ቻርት ላይ መጻፍም አይፈቀድልኝም። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ የጠቆረ ተረከዝ አይቼ ለተረኛዋ ነገርኳት፤ «እሺ» አለችኝ፣ በዚያው ቅጽበት ስልክ ጠራ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ልጅቱ ክፉ አይደለችም። እኔም ደግሜ አልተናገርኩም፤ የማይመለከተኝ ነገር ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

ጡረተኛዋ ሲስተር

ወንድሜ፣ ጥያቄዬን አጣምሜ ነው የጠየቅሁት፤ አንተ አቀናኸው። «ከነርስ እጅ ወጣ» ስል፣ የተቀበለው እጅ መኖሩን ረስቼ ነበር። በእህቴ ክፍልም አንዲት ረዳት ነበረች። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንዴም አላነጋገርኳትም፤ ስሟን አላውቅም። በጸጥታ ነጥብ የተሰጠን እኛ፣ ዛሬ ደግሞ በእኛ ቦታ ዝም የምትል ሰው አስቀምጠናል።

የነርሲንግ መምህር

እዚህ ላይ ትምህርት ቤቶቻችንም ተጠያቂ ነን። ሥራን ለሌላ ማስተላለፍ የሚባለውን ስናስተምር ለማን፣ ምን፣ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ እናስተምራለን፤ የተሰጠው ሰው ምን እንዳየ ተመልሶ መጠየቅን ግን በአንድ መስመር እናልፈዋለን። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ1960 ያሳተመው የአሜሪካዊቷ ነርስ የቨርጂኒያ ሄንደርሰን ፍቺ ነርስ የምትሠራው ሰውየው ብርታት፣ ፈቃድ ወይም ዕውቀት ቢኖረው ለራሱ የሚያደርገውን ነገር ነው ይላል። በዚህ ፍቺ መሠረት ማጠብ ተራ ሥራ ሳይሆን ዋናው ሥራ ነው። እጁን ልንሰጥ እንችላለን፤ ማወቁን ግን መስጠት አንችልም።

ሦስተኛ ዓመት

ሎግ ቡኬ ላይ «ከረዳት ጋር መነጋገር» የሚባል ፕሮሲጀር የለም። ነገ በእርሳስ እጨምረዋለሁ፤ ማን እንደሚፈርምልኝ ግን አላውቅም።

የጧት ረዳት

እኔ እፈርምልሻለሁ።

የሌሊት ፈረቃ

ከሦስት ቀን በኋላ የተመለስኩት አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ዛሬ ጧት ለቀኑ ፈረቃ ሳስረክብ፣ አንሶላ ስትሰበስብ የነበረችውን ረዳት አብራን እንድትዞር ጠየቅኋት። መጀመሪያ ያጠፋች መስሏት ነበር። ስምንት አልጋ ድረስ ምንም አላለችም። አልጋ 9 ጋ ስንደርስ፣ ይቅርታ፣ አባታችን ጋ ስንደርስ ማለቴ ነው፣ «እሳቸው ከትናንት ወዲህ ውኃ ሲጠጡ ያስላቸዋል፤ ቁርስ ሲበሉ ግን ደህና ናቸው» አለች። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሁለት ጊዜ ቪታል ሳይን (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት) ወስጄላቸዋለሁ፤ ሁሉም ደህና ነበር፤ ውኃ ግን አላጠጣኋቸውም። የቀኑ ተረኛ የመዋጥ ምርመራ እስኪደረግላቸው በአፋቸው ምንም እንዳይሰጥ አድርጎ ለሐኪም ነግሯል። ውጤቱን አልሰማሁም። ዙሩ አራት ደቂቃ ረዘመ።

ጡረተኛዋ ሲስተር

መልካም አድርገሃል። ከሳሉ በኋላ ሲናገሩ ድምፃቸው ውኃ ያለበት ዓይነት ይሆናል ወይ? ልጅቱን ጠይቃት፤ እሷ ሰምታው ይሆናል። ስትጠይቃትም ስሟን ጠይቅልኝ።